ከተራራው ማዶ የሚመጣ ወይን
ስለ ሊባኖስ ቀይ ወይን ለመስተንግዶ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

አዘጋጆቹ ስለ አንድ አገር ወይን እንድናገር ሲጋብዙኝ ፈረንሳይን ወይም ጣሊያንን እመርጣለሁ ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ሊባኖስን መረጥኩ። ዛህሌ በምትባል የበቃ ሸለቆ ከተማ፣ በአንድ ቤተሰብ ቤት፣ ስድስት ዓመት በሠራተኝነት ኖሬያለሁ። ከተመለስኩ ወዲህ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ዛሬ በምሠራበት ሆቴል የወይን ክፍሉን የምመራው እኔ ነኝ። ስለ ቀይ ወይን የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጡኝ ግን የዚያ ቤት አያት ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው «ቴታ» ይሏቸው ነበር፤ አያቴ ማለት ነው። እኔም እንደዚያው እጠራቸው ነበር። በነገራችን ላይ ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ የቆመውን ጠርሙስ አይታችኋል። ምንም ጽሑፍ የለበትም። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ መንገዱን ልንገራችሁ፤ ያለ መንገዱ የሊባኖስ ወይን ታሪክ አይገባምና። ከቤይሩት ወደ ደማስቆ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከባሕሩ ዳርቻ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ዳህር ኤል ባይዳር ከሚባለው በር ሲደርስ ከፍታው ከ1,500 ሜትር ያልፋል። በክረምት በረዶ ይዘጋዋል። ከዚያ ቁልቁል ሲወርዱ ድንገት ሜዳ ይከፈታል፤ በቃ ማለት ይህ ነው። በስተ ምዕራብ የሊባኖስ ተራራ፣ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ፀረ ሊባኖስ የሚባለው ሰንሰለት እንደ ግድግዳ ቆመዋል። የሸለቆው ወለል ራሱ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ለእኛ ይህ ቆላ ነው፤ በዚያ ምድር ግን ታኅሣሥና ጥር በረዶ ይጥላል፤ በጋው ደግሞ ጠብታ ዝናብ የለውም። ወይኑ በአብዛኛው ውኃ ሳይጠጣ፣ በክረምት በረዶ በራሰ የሸክላና የኖራ ድንጋይ አፈር ውስጥ ሥሩን ወደ ታች እየሰደደ ይከርማል። ቀን ፀሐዩ ፍሬውን ያጣፍጠዋል፤ ሌሊት የተራራው ብርድ ይወርድና ኮምጣጣነቱ እንዳይጠፋ ይጠብቀዋል። ቀይ ወይን ሁለቱንም ይፈልጋል። ጣፋጭነት ብቻ ያለው ፍሬ ከባድና ደካማ ወይን ይወጣዋል፤ አንድ ብርጭቆ ጠጥታችሁ ሁለተኛውን አትፈልጉም።

የሊባኖስ ወይን ሻጮች በየዓለሙ ሲሄዱ የሚናገሩት ስለ ፊንቄያውያን ነው። እውነትም የሚያኮራ ነገር አላቸው። ከሲዶን በስተ ደቡብ፣ ቴል ኤል ቡራክ በተባለ ስፍራ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው መቶ ዓመት የተሠራ የወይን መጥመቂያ በቁፋሮ ተገኝቷል። ወይኑን በእግር የሚረግጡበት ገንዳ፣ ጭማቂው የሚወርድበትም ጉድጓድ ነበረው፤ ጉድጓዱ 4,500 ሊትር ያህል ይይዝ ነበር። ግድግዳው የተለሰነው በኖራና በተፈጨ የሸክላ ስብርባሪ ነው። የተሰበረ እንስራ ሳይጣል ተፈጭቶ ለአዲሱ ወይን ቤት ይሆናል ማለት ነው፤ ይህን ሳነብ የዛህሌ ሴቶች ምንም ነገር እንደማይጥሉ ትዝ አለኝ። በአስቀሎና አንጻር ጥልቅ ባሕር ውስጥም በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለት የፊንቄ መርከቦች ተገኝተዋል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ የወይን እንስራዎችን እንደ ጫኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት የሰጠሙ ናቸው። ነቢዩ ሆሴዕም በምዕራፍ 14 ላይ የሊባኖስን ወይን የመልካም ዝና ምሳሌ አድርጎ ያነሣዋል። ባአልቤክ የሄደ ሰው ደግሞ የወይን አምላክ ይሉት የነበረውን የባኮስን ቤተ መቅደስ ያያል፤ ሮማውያን በሁለተኛው መቶ ዓመት የሠሩት፣ እስከ ዛሬ ግድግዳው ቆሞ ያለ፣ በድንጋዩ ላይ የወይን ሐረግ የተጠለፈበት።

እኛም ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለንም። ዕብራውያን «ያይን» ይላሉ፤ በጥንታዊቷ የኡጋሪት ከተማ የሸክላ ጽላቶች ላይ ስሙ በሁለት ፊደል፣ «የ» እና «ነ» ተብሎ ተጽፏል። ግእዝና አማርኛ የጥንቱን «ወ» ጠብቀው «ወይን» አሉ። አንድ ቃል ነው።

ይህን ሁሉ በደስታ እናገራለሁ። ሆኖም በእንግዶቻችሁ ፊት ጠርሙስ ስትከፍቱ «ይህ የአምስት ሺህ ዓመት ወይን ነው» እንዳትሉ እለምናችኋለሁ፤ እውነት አይደለምና። ከፊንቄ ጀምሮ እስከ ዛሬ ሳይበጠስ የመጣ የቀይ ወይን ጥመቃ የለም። በኦቶማን ዘመን የወይን ጥመቃ ለክርስቲያኖች፣ በተለይም ለቅዳሴ፣ ብቻ ተወስኖ ቀጭን ክር ሆኖ ቀርቶ ነበር። በምድሩ የበቀሉ የታወቁት አሮጌ ዘሮች፣ ኦቤይዴና መርዋህ፣ ነጭ ናቸው። ዛሬ በቀይ ጠርሙስ ውስጥ የምትቀምሱት ካቤርኔ ሶቪኞ፣ ሳንሶ፣ ካሪኛን፣ ግሬናሽ፣ ሲራ ሁሉም በሌላ ሰው እጅ የመጣ ነው።

ከእነዚህ የመጀመሪያውን ያመጣው መነኩሴ ነበር። በ1857 ኢየሱሳውያን መነኮሳት ከዛህሌ አጠገብ በምትገኘው ክሳራ መሬት ይዘው ከአልጄሪያ ያመጡትን ሳንሶ ተከሉ። የዘመናዊው የሊባኖስ ቀይ ወይን መነሻ ይህ ነው። በ1868 ደግሞ ፍራንሷ ኢዩጄን ብሩን የተባለ ፈረንሳዊ በሽቶራ ዶሜን ዴ ቱሬል የተባለውን የወይን ቤት መሠረተ።

ስለ ክሳራ ዋሻዎች ግን ትንሽ ልቆይ። እንደሚተረከው በ1898 የገዳሙ ዶሮዎች በቀበሮ እያለቁ ሲያስቸግሩ ገዳሙ የሚያሳድጋቸው ወላጅ አልባ ልጆች ቀበሮዋን እያሳደዱ ሄደው ወደ አንድ ጉድጓድ ገቡ፤ ጉድጓዱም የሮማውያን ዋሻ ሆኖ ተገኘ። በጋ ከክረምት ቅዝቃዜው አይለዋወጥም፤ ለወይን ከዚያ የተሻለ ማደሪያ የለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሊባኖስ ተራራ ላይ ብዙ ሕዝብ የጨረሰ ረሃብ ሲገባ መነኮሳቱ የአካባቢውን ሰዎች እየቀጠሩ ዋሻውን አስቆፈሩ፤ ቆፋሪውም በዚያ ደመወዝ እንጀራውን አገኘ። ዛሬ የዋሻው ርዝመት ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ጎብኝዎች ጠርሙሶቹን ፎቶግራፍ ያነሣሉ። እኔ ከተመለስኩ ከብዙ ዓመት በኋላ በሙያ ጉዞ ስሄድ ያየሁት የመቆፈሪያውን ምልክት ነበር። በረሃብ ዘመን የተቆፈረ ግድግዳ እጅ ሲነኩት ሌላ ነው።

መነኮሳቱ ክሳራን በ1973 ሸጡ፤ ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ ገዳማት ከንግድ እንዲወጡ ይበረታቱ ስለነበር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የእርስ በርስ ጦርነቱ ጀመረ።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ።

ጋስቶን ሆሻር ሻቶ ሙዛርን የመሠረተው በ1930 ነው። የጥመቃ ቤቱ ከቤይሩት በስተ ሰሜን፣ ባሕሩን ቁልቁል በምታየው በጋዚር ነው፤ የወይን እርሻው ግን ተራራውን ተሻግሮ በቃ ውስጥ። በሰላም ጊዜ ይህ የአንድ ማለዳ ጉዞ ነው። በ1959 የጥመቃውን ሥራ የያዘው ልጁ ሰርዥ ሆሻር፣ በቦርዶ የወይን ጥበብ የተማረ ሰው፣ ከ1975 እስከ 1990 በዘለቀው ጦርነት ይህን መንገድ በየመኸሩ መሻገር ነበረበት። ታጣቂዎች በየኬላው፣ መድፍ በየኮረብታው። የተለቀመ ወይን ደግሞ አይጠብቅም፤ በጭነቱ ውስጥ ይጨመቃል፤ ይሞቃል፤ ይፈላል።

በ1976 ሙዛር ወይን አልጠመቀም፤ መንገዱም መብራቱም አልነበረም። በ1984 ጭነት መኪኖቹ በተዘጋው መንገድ ምክንያት ዙሪያ ጥምጥም ተጉዘው ከቀናት በኋላ ሲደርሱ ፍሬው በመንገድ ላይ መፍላት ጀምሮ ነበር። ሰርዥ አልደፋውም፤ ጠመቀው። ለገበያ ግን አላወጣውም። በእነዚያ አሥራ አምስት ዓመታት ውስጥ የጠፉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ የሌሎቹ ዓመታት ሁሉ ወይን አለ። እኔ በሙያዬ ብዙ የተሸለሙ ጠርሙሶችን ከፍቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ መዝገብ ግን አላየሁም።

ከአገር ውጭ ስሙ የወጣው በ1979 ነው። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል የወይን ትርዒት ላይ የክሪስቲ የጨረታ ቤት ባለሙያው ማይክል ብሮድቤንት ቀምሶ አድናቆቱን ሲገልጽ ዓለም ዞሮ አየ። ያንኑ ዓመት፣ ጦርነቱ እየነደደ ሳለ፣ ሻቶ ኬፍራያ የመጀመሪያ ወይኑን ጠመቀ። ሰርዥ ሆሻር በ1984 ዲካንተር የተባለው መጽሔት የዓመቱ ሰው ብሎ የመረጠው የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ያ ዓመት ያ የፈላ ጭነት የደረሰበት ዓመት መሆኑን አስታውሱ። በ2014 ማብቂያ ዐረፈ።

የእሱን ወይን ሁሉም አይወደውም። ሙዛር ካቤርኔን፣ ሳንሶንና ካሪኛንን ለየብቻ ያፈላል፤ በፈረንሳይ ባሉጥ በርሜል አንድ ዓመት ያሳድራል፤ ያዋሕዳል፤ ለገበያ የሚያወጣው ከለቀማው በሰባተኛው ዓመት ነው። አያጣራውም ማለት ይቻላል። ሲከፈት አንዳንዴ የኮምጣጤን ጫፍ የሚነካ ሽታ አለው፤ ይህን ጉድለት የሚሉ ጠንቃቃ ባለሙያዎች አሉ፤ አስተያየታቸውንም አከብራለሁ። እኔ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ከፍታችሁ ወዲያው አትፍረዱ። አንድ ሰዓት ስጡት። ሽታው ይሄዳል፤ የደረቀ በለስ፣ ቆዳ፣ ቅመም የሚመስል ነገር ይመጣል።

ስለ ቴታ ልንገራችሁ። ዛህሌ ስደርስ ፓስፖርቴን አሠሪዎቼ ተቀብለው በካዝና ቆለፉበት። እሁድ መውጣት አይፈቀድልኝም ነበር። ይህን የምናገረው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ዓረብ አገር የነበራችሁ እህቶቼ ታውቁታላችሁ። የዓመቱ አንድ ቀን ግን መስከረም ውስጥ ሁላችንም ወደ ቤተሰቡ የወይን እርሻ እንሄድ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ቴታ ከአንድ ጥቁር ዘለላ ፍሬ ቆርጠው በጣታቸው መዳፌ ላይ ጨመቁልኝ። «ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አሉኝ። ውኃ ነበር። ጥቁሩ ወይን ውስጡ ነጭ ነው! ከዚያ ልጣጩን በጥርሴ እንዳኝክ አደረጉኝ፤ ከንፈሬ ቀላ፤ ድዴ ሲበዛ የፈላ ሻይ እንደ ጠጣሁ ተኮማተረ።

ባልደረቦቼ፣ የቀይ ወይን ምሥጢር በሙሉ እዚያ መዳፍ ላይ ነበር። ቀለሙም፣ ታኒን የምንለው አኮማታሪው ነገርም በዋናነት ከልጣጩ ነው። ነጭ ወይን ሲጠመቅ ልጣጩ ቶሎ ይወገዳል፤ ቀይ ሲጠመቅ ጭማቂው ከልጣጩ ጋር አብሮ ይፈላል። በፍሬው ላይና በጥመቃ ቤቱ ያለው እርሾ ስኳሩን ይበላና አልኮል ያደርገዋል፤ ልጣጩ ወደ ላይ እየተንሳፈፈ እንደ ክዳን ይረጋል፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ታች ካልተደፈቀ ይደርቃል፤ ይበላሻል። ቴታ በረጅም እንጨት ይደፍቁት ነበር። ትልልቆቹ ቤቶች ይህን በቧንቧ ያደርጉታል፤ ዶሜን ዴ ቱሬል ግን እስከ ዛሬ በአሮጌ የሲሚንቶ ገንዳ፣ በወይኑ በራሱ እርሾ ያፈላል።

ከቀይ ዘሮቹ ሁሉ እኔ የምወደው ሳንሶን ነው። ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ወይን ይቆጠራል፤ ፍሬው ትልቅ፣ ልጣጩ ስስ፣ ቀለሙ ቀላል ነው። በበቃ ደረቅ አፈር ላይ ያረጀ ሐረግ ሲሆን ግን እንጆሪና የዱር ቅመም የሚሸት፣ ከበግ ጥብስ ጋር አፍን የማይከብድ ወይን ይሆናል። ካቤርኔ ክብር አለው፤ ሳንሶ ግን የቤት ሰው ነው።

ሊባኖሳውያን ራሳቸው በማዕድ ላይ ታቡሌውና ኪቤው ሲደረደር የሚያነሡት ብዙ ጊዜ ቀይ ወይን አይደለም፤ ዐረቅ ነው። ከወይን የሚወጣ፣ በአኒስ የሚሸት፣ ውኃ ሲነካው እንደ ወተት የሚነጣ። ቴታ በመከር ሊያወጡ እሳት ሲያነዱ እናቴ ጋኑን ጥዳ፣ መቃውን ሰክታ፣ ዙሪያውን በሊጥ ስትመርግ የማውቀውን ነገር አየሁ። ስሙን ሲነግሩኝ ሳቅሁ፤ የእኛ አረቄ የወሰደው ስም ነውና። በዚያ ቤት ማንም ሳያስተምረኝ የሠራሁት የመጀመሪያው ሥራ እሱ ነበር።

ወይን ለቀማውን የሚሠሩት እነማን ናቸው? በበቃ በረጅሙ ዘመን ዘላን የሆኑት በደዊዎች፣ በተለይም ሴቶቹ፤ ከ2011 ወዲህ ከጦርነት የሸሹ ሶርያውያንም በብዛት። ማለዳ ሳይሞቅ ይጀምራሉ፤ ዘለላውን በአጭር ቢላ ይቆርጣሉ፤ ሣጥኑን በትከሻ ይዘው እስከ መኪናው ይሄዳሉ። ጠርሙሱ ላይ የሚታተመው የቤተ መንግሥት ሥዕል ነው። እኛ አገልጋዮች ለእንግዳ ስለ ወይኑ ስንናገር ስለ እነዚህም አንዲት ዓረፍተ ነገር ብንጨምር ወይኑ አይረክስም፤ እንግዳውም ይሰማናል። እኔ እላለሁ፤ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል።

በ2006 ሐምሌ ጦርነት ሲመጣ ዛህሌ ነበርኩ። ከከተማችን ብዙ በማይርቀው ታናየል የነበረው የብርጭቆና የጠርሙስ ፋብሪካ ከአየር ተደብድቦ ወደመ፤ የሊባኖስ ወይን ጠማቂዎች ከዚያ ወዲህ ጠርሙስ ከውጭ ይገዛሉ። ማዳም ልጆቿን ይዛ ወደ ተራራው ወጣች። እኔና ቴታ ቀረን። በ1981 ዛህሌ ስትከበብ በምድር ቤት ከወይን ጋኖቹ ጋር እንዴት እንደ ከረሙ አጫወቱኝ፤ በዚያው ምድር ቤት ተቀምጠን። ነሐሴ ውስጥ ተኩሱ ቆመ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለቃሚ አልተገኘም ነበርና እኔ፣ ቴታና ሁለት የጎረቤት ወጣቶች ለቀምነው። ድፈቃውን እኔ ሠራሁት፤ የሰማንያ ዓመት ክንዳቸው አልችል ብሎ ነበር።

ከእኔ መመለስ በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በ2019 ባንኮቹ ተዘጉ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሊራው ዋጋውን ከዘጠና በመቶ በላይ አጣ፤ ጠርሙስ፣ ቡሽና በርሜል ግን በዶላር ነው የሚገዛው። ሐምሌ ሳይወጣ የእኛ እህቶች ደመወዛቸው ሳይከፈል በቤይሩት መንገድ ላይ የተጣሉበት ዓመት 2020 ነው፤ በነሐሴው የወደቡ ፍንዳታ ደግሞ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ። በ2024 በቃ እንደገና ተደበደበች። በእርስ በርስ ጦርነቱ ማብቂያ በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት የወይን ቤቶች ዛሬ ከሃምሳ በላይ ሆነዋል። በዓመት የሚያወጡት ሁሉ ተደምሮ አሥር ሚሊዮን ጠርሙስ አይሞላም፤ በፈረንሳይ አንድ ትልቅ የወይን አምራች ማኅበር ከዚህ የሚበልጥ ሊያወጣ ይችላል። ግማሽ ያህሉ ወደ ውጭ ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ አበባ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ሲደርስ ግን እወቁት።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። በ2009 ስሰናበት ማዳም ፓስፖርቴን ሰጠችኝ፤ ቴታ ይህን ሰጡኝ። በሻንጣዬ መካከል፣ በሁለት ነጠላ ጠቅልዬ አመጣሁት። የ2006 ወይን ነው፤ የለቀምኩት፣ የደፈቅኩት። ሳንሶ ይበዛዋል፤ ጥቂት ካሪኛን አለው። የቤት ወይን እንዲህ ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው ታስቦ አይጠመቅም፤ ስለዚህ ኮምጣጤ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ለሁላችሁም የሚቀመስ ሌላ የበቃ ቀይ ወይን በጓዳ ተዘጋጅቷል፤ ይህን ግን ብቻዬን ልከፍተው አልቻልኩም።

አተላው እንዲረጋ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አቁሜዋለሁ። ቡሹ ደርቋል፤ ሊሰበር ይችላልና መጥለያ ይዣለሁ። ሻማውን ከጠርሙሱ አንገት በስተጀርባ የማስቀምጠው አተላው ሲመጣ ለማየት ነው፤ እዚያ ሲደርስ እጃችሁን አቁሙ፤ ለጥቂት ጠብታ ብላችሁ ወይኑን አታደፍርሱ። መብራቱን የምትቆጣጠሩት እባካችሁ ትንሽ ቀንሱልኝ። ከፊት ያላችሁ፣ ብርጭቆዎቻችሁን አቀብሉኝ።